“ቀጥታ” ሥርጭትና የቤት ተመልካቹ፦ የቤዝቦል ጨዋታ በኢንተርኔት

ማንኛውም ለሕዝብ የሚቀርብ ትርኢት፣ ቴአትርም ይሁን ሙዚቃ፣ ስፖርትም ይሁን የአደባባይ በዓል፣ ከይዘቱና ከቅርጹ ጋር አብሮ የሚታይ አንድ ሦስተኛ ገጽታ አለው። ይኸውም ወደ ተመልካቹ የሚደርስበት መንገድ ነው። መንገዱ ይዘቱን ሊያጎላው ወይም ሊያደበዝዘው፣ ቅርጹን ሊጠብቀው ወይም ሊያፈርሰው ይችላል። ሂስ ግን አብዛኛውን ጊዜ መድረኩን እንጂ ወደ መድረኩ የሚያስገባውን በር አይመረምርም። በሩ ለተዘጋበት ሰው ስለ መድረኩ ማማር የሚነገረው ሁሉ ምን ይፈይድለታል?

በአሁኑ ዘመን ለዚህ ጥያቄ የአሜሪካ የቤዝቦል ጨዋታ የኢንተርኔት ሥርጭትን ያህል ግልጽ ምሳሌ የሚሆን ብዙ አይገኝም። የደንበኝነት ክፍያውን ከፍሎ በቤቱ ጨዋታ ለመከታተል የሚቀመጥ አሜሪካዊ ሦስት ዓይነት ምሬት ያሰማል። ሥዕሉ ይቆራረጥበታል፤ የሚያየው ነገር ሜዳው ላይ ከተፈጸመ በኋላ ዘግይቶ ይደርሰዋል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ የገዛ አካባቢውን ቡድን እንዳያይ ይታገዳል። ሦስቱ ምሬቶች በአንድ ትንፋሽ ሲነገሩ የአንድ ችግር ልዩ ልዩ መልኮች ይመስላሉ። ጠጋ ብሎ ለመረመራቸው ግን በመሠረቱ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከመሣሪያው፣ ሦስተኛው ከባለቤትነት የሚመነጩ ናቸው። ሁለቱን ለይቶ አለማየት መፍትሔውን በተሳሳተ ቦታ እንዲፈለግ ያደርጋል። (በዚህ ሐተታ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጨዋታው ጠባይ

ቤዝቦል ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች እምብዛም የተለመደ ባለመሆኑ ጠባዩን በአጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል። ዘጠኝ ዘጠኝ ተጫዋቾች ያሏቸው ሁለት ቡድኖች በዘጠኝ ዙር ይጋጠማሉ። በእያንዳንዱ ዙር አንዱ ቡድን ሲመታ ሌላው ይከላከላል፤ ከዚያም ቦታ ይለዋወጣሉ። የተከላካዩ ቡድን ወርዋሪ 18.44 ሜትር ርቆ ቆሞ፣ ዙሪያዋ 23 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነች ነጭ ኳስ ይወረውራል፤ መቺው በዱላ ሊመልሳት ይሞክራል። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ ከወርዋሪው እጅ ወጥታ መቺው ዘንድ እስክትደርስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። መቺው ኳሷን ከሜዳው አጥር በላይ አሻግሮ ከጣላት ሆም ራን ይባላል፤ የጨዋታው ትልቁ ደስታም ይኸው ነው።

ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው ቤዝቦል በአብዛኛው የመጠበቅ ጨዋታ ነው። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ በሚፈጀው ግጥሚያ ውስጥ ኳሷ በእርግጥ የምትንቀሳቀስበት ጊዜ ጥቂት ነው። ወርዋሪው ምልክት ይቀበላል፤ መቺው እግሩን ያደላድላል፤ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሰው ትንፋሹን ይይዛል። ውጥረቱ የሚገነባው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው። የጨዋታውን ማስተላለፍ ወደ ኪነት ደረጃ ያደረሱት ሰዎችም ይህን ዝምታ መጠቀም የቻሉት ናቸው።

ከእነርሱ ውስጥ ቪን ስከሊ ቀዳሚውን ሥፍራ ይይዛል። ስከሊ ከ1950 እስከ 2016 ድረስ ለ67 የውድድር ዘመኖች የዶጀርስ ቡድንን ጨዋታዎች፣ በመጀመሪያ ከብሩክሊን፣ ኋላም ከሎስ አንጀለስ ሲያስተላልፍ ኖሯል። ሚያዝያ 8 ቀን 1974 በአትላንታ ከተማ ጥቁሩ ተጫዋች ሀንክ አሮን 715ኛ ሆም ራኑን መትቶ ቤብ ሩት ለብዙ ዓመታት ይዞት የቆየውን የ714 ክብረ ወሰን ሲሰብር በማይክራፎኑ ፊት የተቀመጠው ስከሊ ነበር። አሮን ወደዚህ ክብረ ወሰን በተቃረበ ቁጥር የዘር ጥላቻ የተሞሉ ደብዳቤዎችና የግድያ ዛቻዎች ሲጎርፉለት ቆይተዋል። ስከሊ ኳሷ አጥሩን ማለፏን በጥቂት ቃላት ከተናገረ በኋላ ዝም አለ። ማይክራፎኑን ለሕዝቡ ጩኸት ለቀቀለት። ሲመለስም ቁጥር አልደረደረም፤ ዘረኝነት ሥር በሰደደበት በደቡቡ የአሜሪካ ክፍል ሕዝብ ለአንድ ጥቁር ሰው ተነሥቶ ማጨብጨቡ ምን ትርጉም እንዳለው ነበር ያስታወሰው። ቅርጽና ይዘት በአንድ ቅጽበት የተገናኙበት ሥራ ማለት ይህ ነው።

ይህ ኪነት ግን አንድ ሁኔታን ይጠይቃል። አድማጩና ሜዳው በአንድ ቅጽበት ውስጥ መኖር አለባቸው። ዶጀርስ በ1958 ወደ ሎስ አንጀለስ በተዛወረበት ጊዜ ሕዝቡ ስታዲየም ገብቶ ጨዋታውን በዓይኑ እያየ እንኳ፣ በእጁ በያዛት ትንሽ ትራንዚስተር ሬዲዮ ስከሊን ያዳምጥ ነበር። ስታዲየሙ እጅግ ሰፊ በመሆኑ ከሩቅ የተቀመጠው ተመልካች ዓይኑ ያልደረሰበትን ጆሮው ያሟላለት ነበር። የዓይንና የጆሮ መገጣጠም የተለመደ ነገር ስለነበረ ማንም ልብ አላለውም። ልብ የተባለው ሲጠፋ ነው።

ከቴሌግራፍ እስከ ኢንተርኔት

የከፍተኛው ሊግ ግጥሚያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሬዲዮ የተላለፈው ነሐሴ 5 ቀን 1921 በፒትስበርግ ከተማ ሲሆን፣ ያስተላለፈው ኬ.ዲ.ኬ.ኤ. የተባለው ጣቢያ ነበር። በቴሌቪዥን ደግሞ ነሐሴ 26 ቀን 1939 ከብሩክሊን ተላለፈ። በትክክል ከ63 ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 26 ቀን 2002፣ ሊጉ በኒውዮርክ ያንኪስና በቴክሳስ ሬንጀርስ መካከል የተደረገውን ግጥሚያ በኢንተርኔት አሳየ። በሚቀጥለው ዓመት በ2003 አገልግሎቱ ለደንበኞች በመደበኛነት መሸጥ ጀመረ።

ይህ ሂደት ሁልጊዜ ወደ ፊት ብቻ የተጓዘ አልነበረም። በ1930ዎቹ ብዙ የሬዲዮ ጣቢያዎች አስተላላፊ ወደ ሜዳ ለመላክ የሚያስፈልገውን ወጪ ለመቆጠብ ሲሉ የጨዋታውን ሂደት በቴሌግራፍ እየተቀበሉ፣ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሜዳ ላይ ያለ አስመስሎ እንዲተርከው ያደርጉ ነበር። ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ሮናልድ ሬገን በወጣትነቱ በአይዋ ክፍለ ሀገር፣ በደ ሞይን ከተማ በሚገኘው ደብልዩ.ኤች.ኦ. ጣቢያ የቺካጎ ከብስን ጨዋታዎች የሚያስተላልፈው በዚህ ዘዴ ነበር። ራሱ ደጋግሞ እንደተረከው፣ አንድ ቀን በዘጠነኛው ዙር ላይ የቴሌግራፉ መስመር ተቋረጠበት። አድማጩን ላለማጣት መቺው ኳሷን ደጋግሞ ከመስመር ውጭ እንደሚመታት እየፈጠረ መስመሩ እስኪመለስ ድረስ ጊዜ ገዛ።

እንግዲህ “ቀጥታ” የሚለው ቃል ከጥንቱም ጥርጣሬ የሚያስነሣ ነበር። ሆኖም በሬገን ጊዜ ያታለለው አንድ ሰው ነበር፤ ያታለለውም ሁሉንም አድማጭ እኩል ነው። በአይዋ የሚኖር ገበሬና የገበሬው ጎረቤት ያንኑ ፈጠራ በዚያው ደቂቃ ይሰሙ ነበር፤ አብረው ይጨነቁ፣ አብረውም ይደሰቱ ነበር። የዛሬው ሥርጭት ፈጠራ አያቀርብም፤ የሚያቀርበው ሥዕል እውነተኛ ነው። ነገር ግን እውነቱን ለእያንዳንዱ ቤት በልዩ ልዩ ሰዓት ያድላል።

የመሣሪያው ችግርና የቤት ውስጥ መፍትሔው

ይህ የሚሆንበትን ምክንያት ለመረዳት የአሠራሩን መሠረት ማወቅ ያሻል። የቴሌቪዥን ማማ ሥዕሉን በአየር ሲለቅ በዙሪያው ያለ ተቀባይ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀበለዋል። የኢንተርኔት ሥርጭት ግን እንደ ማማ አይሠራም። ከካሜራው የመጣው ሥዕል ይጨመቃል፤ ከዚያም ጥቂት ጥቂት ሰከንድ ርዝመት ወዳላቸው ቁራጮች ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ቁራጭ በተለያየ የጥራት ደረጃ ይባዛል። በየቤቱ ያለው መሣሪያ ቁራጮቹን አንድ በአንድ እየጠየቀ ይቀበላል። በ2009 አፕል የተባለው ኩባንያ ባቀረበውና በሰፊው በተለመደው ዘዴ የአንድ ቁራጭ ርዝመት በመጀመሪያ 10 ሰከንድ ነበር፤ በ2016 ወደ 6 ሰከንድ እንዲያጥር ተመከረ። መሣሪያው ማሳየት ከመጀመሩ በፊት ብዙውን ጊዜ ሦስት ያህል ቁራጮችን ስለሚያከማች፣ ገና በጅምሩ ወደ 20 ሰከንድ የሚጠጋ መዘግየት ይፈጠራል። የመጨመቂያውና የመጓጓዣው ጊዜ ሲታከልበት ተመልካቹ ከ20 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል።

በሌላ ትርኢት ይህ መዘግየት ላይታወቅ ይችል ይሆናል። በቤዝቦል ግን ይታወቃል። ከ2023 ወዲህ በሥራ ላይ በዋለው የሰዓት ደንብ መሠረት በሜዳው ማዕዘኖች ላይ ሯጭ በሌለበት ጊዜ ወርዋሪው በ15 ሰከንድ ውስጥ መወርወር ይጀምራል። ስለዚህ 30 ሰከንድ የዘገየ ተመልካች አንድ ወይም ሁለት ውርወራ አምልጦታል ማለት ነው። እርሱ “አሁን ይመታ ይሆን?” ብሎ ሲጨነቅለት መቺው ተሸንፎ ወደ መቀመጫው ተመልሷል። በግድግዳው ማዶ በኬብል የሚከታተለው ጎረቤት ይጮሃል፤ በኪስ ያለው ስልክ ውጤቱን በአጭር መልእክት ያበስራል፤ ከዚያ በኋላ ሥዕሉ ይደርሳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። መጠበቅ የጨዋታው ይዘት ከሆነ፣ ውጤቱን አስቀድሞ የሰማ ሰው የሚያየው የጨዋታውን ቅርፊት ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ሁለተኛው ምሬት መቆራረጥ ነው። መስመሩ ሲደክም መሣሪያው ዝቅተኛ ጥራት ያላቸውን ቁራጮች መጠየቅ ይጀምራል፤ እነርሱም በጊዜው ካልደረሱ ሥዕሉ ይቆማል። በቤዝቦል ይህ ድርብ ጉዳት አለው። ሰፊው አረንጓዴ ሜዳ በዝቅተኛ ጥራትም ይታያል፤ ትንሿና ፈጣኗ ኳስ ግን በመጨመቂያው ውስጥ ትጠፋለች። ተመልካቹ ወርዋሪውን ያያል፣ መቺውን ያያል፣ ያ ሁሉ ሰው የሚከተላትን ኳስ ግን አያይም።

ሁለቱ ምሬቶች እርስ በርሳቸው ቅራኔ ያላቸው መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። መዘግየቱ የመጣው መቆራረጡን ለማስቀረት ነው። መሣሪያው ብዙ ቁራጭ ባከማቸ መጠን መስመሩ ለአፍታ ቢደክም ሥዕሉ አይቆምም፤ ነገር ግን ይዘገያል። ጥቂት ካከማቸ ወደ ሜዳው ይቀርባል፤ ነገር ግን በትንሹ ይቆማል። በአገልግሎቱ ላይ የሚሰነዘረው ነቀፋ “ለምን ዘገየ” እና “ለምን ተቆራረጠ” የሚሉትን ጥያቄዎች በአንድነት ሲያነሣ፣ አንዱን ለመፍታት ሌላው የሚከፈል ዋጋ መሆኑን መገንዘብ አለበት። ቁራጮቹን ይበልጥ የሚያሳጥሩ አዳዲስ ዘዴዎች ከ2019 ወዲህ ቀርበዋል፤ ቅራኔውን ያለዝቡታል እንጂ ፈጽሞ አያጠፉትም።

በዚህ ወሰን ውስጥ በቤት ሊደረግ የሚቻለው ጥቂት አይደለም። ቴሌቪዥኑን በዋይፋይ ሳይሆን በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ጋር ማገናኘት ከሁሉ የበለጠ ውጤት ያስገኛል። ገመድ መዘርጋት ካልተቻለ ራውተሩን ከቁም ሣጥን ጀርባ አውጥቶ ከፍ ባለና ገላጣ ቦታ ማኖር፣ ቅርብ ላለ ክፍልም ከ2.4 ጊጋኸርትዝ ይልቅ የ5 ጊጋኸርትዙን ሞገድ መምረጥ ይጠቅማል። በጨዋታው ሰዓት በሌሎች ክፍሎች የሚወርዱ ፊልሞችና ትልልቅ ፋይሎች መስመሩን ስለሚሻሙ እንዲቆዩ ማድረግ ተገቢ ነው። ከፍ ብሎ እየተቆራረጠ ከሚመጣ ሥዕል ዝቅ ብሎ ያለማቋረጥ የሚፈስሰው ለቤዝቦል ይሻላል፤ የእንቅስቃሴው ቅልጥፍና ከሥዕሉ ስፋት ይልቅ ኳሷን ያሳያልና። መሣሪያውን አጥፍቶ ማብራት ካስፈለገም ከጨዋታው በፊት እንጂ በዘጠነኛው ዙር አይደለም።

ስለ መዘግየቱ ደግሞ ሦስት ነገሮች ይረዳሉ። ሥዕሉ በቆመ ቁጥር ተመልካቹ ይበልጥ ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ “ቀጥታ” የሚለውን ምልክት ነክቶ ወደ ፊት መመለስ አንደኛው ነው። የስልኩን የውጤት መልእክት ለጨዋታው ጊዜ መዝጋት ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው የሬዲዮው ነገር ነው። ብዙ ተመልካቾች የሬዲዮ አስተላላፊዎቹን ከቴሌቪዥኑ አስበልጠው ይወዳሉ፤ በአየር የሚመጣው የሬዲዮ ድምፅ ግን ከኢንተርኔቱ ሥዕል ይቀድማል። ድምፁን ይዞ የሚያዘገይ መሣሪያ ያለው ሰው ሁለቱን ሊያገጣጥም ይችላል። የሊጉ አገልግሎት ራሱም በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ የሬዲዮውን ድምፅ በሥዕሉ ላይ መርጦ ማድረግን ፈቅዷል፤ ይህም በበጎ ጎኑ ሊጠቀስ የሚገባው ነው። በ1958 በትንሿ ትራንዚስተር በነፃ ይገኝ የነበረው የዓይንና የጆሮ መገጣጠም ዛሬ በዚህ ሁሉ ልፋት ተመልሶ መገኘቱ ግን ዘመኑ ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ነው።

በዚህ ላይ ፍትሐዊ ሚዛን መጠበቅ ያስፈልጋል። 30 ቡድኖች እያንዳንዳቸው 162 ጨዋታ በሚያደርጉበት መደበኛ ዘመን 2,430 ግጥሚያዎች ይካሄዳሉ። ከተወለደበት ከተማ ርቆ የሚኖር ሰው የልጅነት ቡድኑን ከሺህ ኪሎ ሜትሮች ማዶ በየቀኑ ሊከታተል የቻለው በኢንተርኔት ሥርጭት ነው። ያለፈውን ጨዋታ ከመጀመሪያው ጀምሮ ማየት፣ የባለሜዳውን ወይም የእንግዳውን አስተላላፊ መምረጥም ቀድሞ የማይታሰብ ነበር። ችግሩ መሣሪያው መፈጠሩ አይደለም።

የባለቤትነት ችግር

ሦስተኛው ምሬት የሚጀምረው መስመሩ ጥሩ፣ ሥዕሉ ጥሩ፣ ክፍያውም የተከፈለ ሆኖ ሳለ ነው። ተመልካቹ የአካባቢውን ቡድን ጨዋታ ሲከፍት ጥቁር ገጽና አንድ ማስታወቂያ ይገጥመዋል፤ በሚኖርበት ቦታ ምክንያት ይህን ጨዋታ ማየት አይፈቀድለትም። አሜሪካኖች ይህን እገዳ ብላክአውት ይሉታል። አገልግሎቱ ተመልካቹ የት እንዳለ የሚያውቀው በኢንተርኔት አድራሻው ነው። ጨዋታው ካለቀ ከ90 ደቂቃ በኋላ በሩ ይከፈትለታል፤ ያን ጊዜ ግን ውጤቱን ያልሰማ ሰው አይገኝም።

የእገዳው መነሻ የሊጉ የክልል ክፍፍል ነው። እያንዳንዱ ቡድን የራሱ የሥርጭት ግዛት ተሰጥቶታል። ቡድኑ በግዛቱ ውስጥ ጨዋታዎቹን የማሳየት መብቱን ለአንድ የአካባቢ የክፍያ ቴሌቪዥን ጣቢያ በከፍተኛ ዋጋ ይሸጣል፤ ጣቢያውም የገዛው ብቸኝነትን ነውና ማንም ሌላ እንዲያሳይ አይፈቅድም። ኬብሉን ያልገዛ፣ ወይም የገዛው የኬብል ኩባንያ ከጣቢያው ጋር ያልተስማማ ቤተሰብ ሜዳው አጠገብ እየኖረ ጨዋታውን አያይም።

ከዚህ አንጻር የአይዋ ሁኔታ ከሁሉ ይበልጥ አስገራሚ ነው። በአይዋ አንድም የከፍተኛው ሊግ ቡድን የለም። ሆኖም ለብዙ ዓመታት ስድስት ቡድኖች፣ ማለትም ሁለቱ የቺካጎ ቡድኖች፣ የሴንት ሉዊስ፣ የካንሳስ ሲቲ፣ የሚልዋኪና የሚኒሶታ ቡድኖች ግዛታችን ነው ሲሉ የአይዋ ነዋሪ ስድስቱንም በሊጉ የኢንተርኔት አገልግሎት ቀጥታ እንዳያይ ታግዶ ኖሯል። ከደ ሞይን እስከ ቺካጎ በመንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በ1930ዎቹ በዚያችው ከተማ የሚኖር ሰው የቺካጎ ከብስን ጨዋታ ያለ አንዳች ክፍያ በሬዲዮ ይሰማ ነበር፤ የልጅ ልጁ ከፍሎ አላየውም። መሣሪያው በሰማንያ ዓመት ውስጥ እጅግ አድጓል፤ በሩ ግን ጠቧል።

የዋሽንግተን ዲ.ሲ. ምሳሌም ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። በዚያች ከተማና በዙሪያዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ቤዝቦልን በትምህርት ቤት የተማሩ ልጆችም አሳድገዋል። የከተማዋ ነዋሪ የዋሽንግተንም የባልቲሞርም ግዛት ውስጥ በመቆጠሩ፣ በዚሁ አገልግሎት ሁለቱንም ቡድኖች ቀጥታ እንዳያይ ለብዙ ዓመታት ታግዷል። የሲያትልን ቡድን ከአገሩ ማዶ ያያል፤ በአውቶቡስ ደርሶ የሚመለስበትን ሜዳ አያይም።

ከሎስ አንጀለሱ ታሪክ የበለጠ ግን ጉዳዩ ምን ያህል ባህላዊ ኪሳራ እንደሚያስከትል የሚያሳይ የለም። ዶጀርስ በ2014 ጨዋታዎቹን ወደ አንድ አዲስ የክፍያ ጣቢያ ሲያዛውር፣ ሌሎቹ የኬብልና የሳተላይት ኩባንያዎች የተጠየቀውን ዋጋ አንከፍልም አሉ። በዚህም ምክንያት ከግማሽ የሚበልጠው የከተማዋ ቤተሰብ የራሱን ቡድን ሳያይ ቀረ። ውዝግቡ በአብዛኛው የተፈታው በ2020 ነው። ስከሊ ጡረታ የወጣው ደግሞ በ2016 ነው። ለሁለት ትውልድ የከተማዋ ድምፅ የነበረው ሰው የመጨረሻዎቹን ሦስት የውድድር ዘመኖች ሲያስተላልፍ አብዛኛው የከተማዋ ሕዝብ በቴሌቪዥን አልሰማውም። የመጨረሻዎቹ ስድስት ጨዋታዎች ብቻ ለሁሉም በሚደርስ ነፃ ጣቢያ እንዲታዩ ተደረገ። አንድ ቴአትር ቤት ታላቁ ተዋናይ የስንብት ትርኢቱን በሚያሳይበት ወቅት በሩን ቢቆልፍ የሚሰነዘርበትን ሂስ መገመት አያዳግትም።

የበሮቹም ቁጥር እየበዛ ሄዷል። ከ2022 ጀምሮ የዓርብ ምሽት ጨዋታዎች ለአፕል ብቻ ተሸጡ፤ የእሑዶቹም ለሌላ ኩባንያ ተሰጡ። መስከረም 23 ቀን 2022 የኒውዮርኩ አሮን ጀጅ 61ኛ ሆም ራኑን ይመታል ተብሎ አገሩ ሁሉ ሲጠብቅ፣ ጨዋታው የታየው በአፕል አገልግሎት ብቻ ነበር። የኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ዋና ዓቃቤ ሕግ ሳይቀር ጨዋታው በተለመደው ጣቢያ እንዲታይ ጠየቁ። ጀጅ በዚያ ምሽት አልመታም፤ 61ኛውን ከአምስት ቀን በኋላ በቶሮንቶ መታ። ሥጋቱ ግን ተገልጿል። የሕዝብ ትዝታ የሚሆን ቅጽበት በየሳምንቱ ቀን ተቆርሶ ለልዩ ልዩ ገዢ ሲሸጥ፣ ሕዝቡ በአንድነት የሚያስታውሰው ምን ይቀራል?

ለዚህ ክፍፍል ከለላ የሰጠው ደግሞ ሕግ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1922 ቤዝቦል በሞኖፖል ላይ የወጣው ሕግ እንደማይመለከተው ወስኗል፤ ውሳኔውንም በ1953ና በ1972 አጽንቷል። በ2012 ተመልካቾች እገዳውን በመቃወም ክስ መሥርተው ነበር፤ በ2016 በስምምነት ሲዘጋ የአንድ ቡድንን ጨዋታዎች ብቻ በአነስተኛ ዋጋ መግዛት ተፈቀደ። የአካባቢ እገዳው ግን እንዳለ ቀረ። አንዳንዱ ተመልካች በቪፒኤን አድራሻውን ደብቆ ያመልጣል። ይህ ከአገልግሎቱ ውል ጋር የሚጋጭ ከመሆኑም በላይ የአንድ ግለሰብ ማምለጫ እንጂ የሕዝብ መፍትሔ አይደለም።

መጋረጃው ሲነሣ

የእገዳው ደጋፊዎች የሚያቀርቡት መከራከሪያ ቀላል አይደለም። ለብቸኝነት የሚከፈለው ገንዘብ የተጫዋቾችን ደመወዝ ይሸፍናል፤ ካሜራውንና ባለሙያውን ያሠማራል፤ ትንንሽ ከተሞች ቡድን እንዲኖራቸው ያደርጋል ይላሉ። ይህ ለብዙ ዓመታት እውነትነት ነበረው። ነገር ግን የቆመበት መሠረት ሕዝቡ ለዘለዓለም ኬብል ይገዛል የሚል ግምት ነበር። ሕዝቡ ኬብሉን እየተወ ሲሄድ ብዙዎቹን የአካባቢ ጣቢያዎች የያዘው ዳይመንድ ስፖርትስ በመጋቢት 2023 የኪሳራ አቤቱታ ለፍርድ ቤት አቀረበ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለዚህ ሐተታ ዋነኛው ማስረጃ ነው። ኩባንያው ለሳን ዲዬጎ ቡድን የሚከፍለውን ባለመክፈሉ ሊጉ ግንቦት 31 ቀን 2023 ሥርጭቱን በእጁ አስገባ፤ ለአካባቢው ነዋሪዎችም ያለ እገዳ በኢንተርኔት መሸጥ ጀመረ። ከ2023 እስከ 2025 ባለው ጊዜ የአሪዞና፣ የኮሎራዶ፣ የክሊቭላንድና የሚኒሶታ ቡድኖችም በዚሁ መንገድ ሄዱ። አዲስ ካሜራ አልተፈጠረም፤ አዲስ ገመድ አልተዘረጋም። የተለወጠው ውል ብቻ ነው። በአንድ ሌሊት ግድግዳው መውደቁ፣ ግድግዳው ከመጀመሪያውም ከቴክኒክ ያልተሠራ መሆኑን አረጋገጠ።

ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ ችግሩ ተፈትቷል ማለት ስሕተት ነው። በኅዳር 2025 ሊጉ ከ2026 ጀምሮ ለሦስት ዓመት የሚጸና አዲስ ውል ሲያስታውቅ አገር አቀፍ ጨዋታዎቹን ለኤን.ቢ.ሲ.፣ ለኔትፍሊክስና ለኢ.ኤስ.ፒ.ኤን. አከፋፍሏል። አንዱ በር ሲከፈት ሌሎች ደጆች ተበጁ። የአካባቢው እገዳ በከፊል ሲላላ የደንበኝነት ክፍያው በየቦታው ተበተነ። በሩ ተከፍቶ የመግቢያ ዋጋው ከበዛ ሰፊው ሕዝብ ከደጅ መቅረቱ አልተለወጠም።

መደምደሚያ

እንግዲህ የቤት ተመልካቹን ምሬት በሁለት መዝገብ መጻፍ ይገባል። በመጀመሪያው መዝገብ ያለውን ገመድ፣ ራውተር፣ ትዕግሥትና ትንሽ ዕውቀት ያቃልሉታል፤ የቀረውንም የቴክኒክ ባለሙያዎች ከዓመት ዓመት ያሻሽሉታል። በሁለተኛው መዝገብ ያለው ግን የመሣሪያ ጥገና የሚያድነው አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ራውተሩን ሲያነሣና ሲያስቀምጥ የኖረ የአይዋ ሰው ጥፋቱን በራሱ ቤት መፈለጉ ነው የሚያሳዝነው። ሂስ ሊያደርግለት የሚችለው አገልግሎት ቢኖር ጥፋቱ የት እንዳለ ማሳየት ነው።

ይህ ትምህርት ለቤዝቦል ብቻ የሚቀር አይደለም። ሥዕልን ቆራርጦ በየቤቱ የሚያድለው ይኸው ዘዴ በልዩ ልዩ አገር ለተበተኑት ኢትዮጵያውያን የአገራቸውን ሙዚቃ፣ ቴአትርና በዓል የሚያደርስ ሆኗል። በኢንተርኔት ትርኢት የሚያቀርቡ አርቲስቶችና አዘጋጆች ሊያስቡበት የሚገባ አለ። ሥዕሉ ዝቅ ቢል ተመልካች ይታገሣል፤ ድምፁ ሲቆራረጥ ግን ሥራው ይፈርሳል። መዘግየቱ ከታወቀ ተመልካቹ መልስ የሚሰጥበትን ትርኢት በእርሱ ልክ ማዘጋጀት ይቻላል። ከሁሉ በላይ ግን ሥራውን ለመሸጥ ውል ሲፈረም፣ ሥራው የበቀለበት ሕዝብ በር ላይ እንዳይቀር ውሉ ውስጥ ቦታ ሊተውለት ይገባል። ስከሊ በዚያ ምሽት ዝም ሲል ዝምታው ትርጉም ያገኘው በማዶ የሚሰማው ሕዝብ ስለነበረ ነው። አድማጩ ከተከለከለ ግን ዝምታው ኪነት መሆኑ ይቀርና ባዶነት ብቻ ይሆናል።